ኮራልና ጠላቂ፦ በቀይ ባሕር ሪፎች ላይ የሚደርሰው ምንድን ነው?

ምጽዋን የሚያውቅ ሰው የአሮጌውን ከተማ ግንቦች ያስታውሳል። ቀረብ ብሎ ላያቸው ድንጋዮቹ ልሙጥ አይደሉም። የማር እንጀራ የመሰሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ አንዳንዴም በኮከብ ቅርጽ የተፈለፈሉ ክቦች ይታዩባቸዋል። እነዚህ ድንጋዮች ከተራራ የተፈለጡ ሳይሆኑ ከባሕር የወጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳም በአንድ ወቅት ኮራል የምትባል የአንዲት ትንሽ እንስሳ ቤት ነበር።

የዚያች እንስሳ ዘመዶች ዛሬም በቀይ ባሕር ውስጥ በሕይወት አሉ። እነርሱን ለማየት በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው በግብፅ ወዳሉት ሻርም ኤል ሼክ፣ ሁርጋዳና ዳሃብ፣ በዮርዳኖስ ወዳለችው አቃባ፣ በእስራኤልም ወዳለችው ኤላት ይጓዛል፤ የአየር ጋን በጀርባው አዝሎም ይጠልቃል። ይህ ስኩባ የሚባለው የመጥለቅ ስልት ነው። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ዓለም በታሪክ የተመዘገበው አራተኛ ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ውስጥ መግባቷን አስታወቀ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ከዓለም የኮራል ሪፎች (ኮራል ከሚገነባቸው የባሕር ውስጥ ግንቦች) ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኮራልን ሊያነጣ ለሚችል ሙቀት ተጋልጠዋል።

ሁለቱ ወሬዎች ጎን ለጎን ሲሰሙ ጥያቄ ማስነሣታቸው አይቀርም። ገዳዩ የባሕሩ መሞቅ ከሆነ ጠላቂው ምን አደረገ? ጠላቂው ነው የሚያጠፋው ከተባለስ ለምን አይከለከልም?

ኮራል ድንጋይ ነው፣ ተክል ነው ወይስ እንስሳ?

ሦስቱንም ይመስላል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። አንዱ አካል ፖሊፕ ይባላል። ፖሊፕ ከረጢት የመሰለ ለስላሳ ገላ፣ አንድ አፍ፣ በአፉም ዙሪያ ምግብ የሚይዝባቸው ቀጫጭን ክንዶች አሉት። አብዛኛው ፖሊፕ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከባሕሩ ውኃ የሚወስደውን ካልሲየም ከሥሩ የኖራ ድንጋይ አድርጎ ያነጥፋል፤ ሺህዎች ተያይዘው ሲኖሩ አንድ ጉብታ ወይም ቅርንጫፍ ይሠራሉ። ጉብታና ቅርንጫፎቹ ለሺህ ዓመታት ሲደራረቡ የሚፈጠረው ግዙፍ የባሕር ውስጥ ግንብ ደግሞ ሪፍ ይባላል።

ኩይሳ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ጥቃቅን ፍጥረታት ተባብረው ከራሳቸው በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ነገር ያቆማሉ። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የጠላቂውም ጉዳይ ያለው እዚያው ላይ ነው። ምስጥ የሚኖረው በኩይሳው ሆድ ውስጥ ነው። ኮራል ግን የሚኖረው በገጹ ላይ ብቻ ነው። ሕይወት ያለው ክፍል በድንጋዩ ላይ የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በሙሉ አጽም ነው። ስለዚህ ኮራልን የነካ ሰው የነካው ቅርፊቱን ሳይሆን ሥጋውን ነው።

በዚያ ስስ ሥጋ ውስጥ ሌላ ነዋሪ አለ፤ በዓይን የማይታይ አልጌ። የሁለቱ ግንኙነት የባለርስትና የጭሰኛ ዓይነት ነው። ፖሊፑ ማረፊያና ጥበቃ ይሰጣል፤ ከገላው የሚወጣውም ቆሻሻ ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆነዋል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ስኳር ያመርትና አብዛኛውን ለባለቤቱ ያስረክባል። ክፍያው ሲሶ ወይም እኩል አይደለም፤ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ከዚህ ሊያገኝ ይችላል። ኮራል ጥልቅና ጨለማ ውኃ ትቶ ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት የሚሰፍረውም ስለዚህ ነው፤ ያ ደግሞ ዋናተኛና ጠላቂ የሚውልበት ስፍራ ነው።

ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍኑም። ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ በሕይወታቸው በአንዱ ጊዜ ይጠጉባቸዋል።

«ነጣ» ማለት ሞተ ማለት ነው?

አይደለም፤ በብዛት የሚሳሳቱበትም እዚህ ላይ ነው። የባሕሩ ሙቀት ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ የአልጌው ሥራ ይዛባል፤ ኮራሉን የሚጎዳ ኦክስጅን ያመነጭ ጀመር ማለት ነው። ባለርስቱ ጭሰኛውን ያስወጣል። ቀለሙ በአብዛኛው የአልጌው ስለነበር አሳላፊ በሆነው ሥጋ ውስጥ ነጩ አጽም ወለል ብሎ ይታያል።

የነጣ ኮራል የተራበ ኮራል ነው። ውኃው ቶሎ ከበረደ አልጌው ተመልሶ ሊያገግም ይችላል። ሙቀቱ ከቀጠለ ግን ይሞታል፤ አጽሙንም ሌላ ዓይነት ጸጉራም አልጌ ይወርሰዋል። ያን ጊዜ ነጭ አይደለም፤ ቡናማና አረንጓዴ ነው። ላልለመደ ዓይን እንዲያውም ሕያው ይመስላል።

ታዲያ ጠላቂው የሚያደርሰው ጉዳት ምንድን ነው?

ኤላት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ጠባብ ባሕር ዳር ላይ ብዙ ጠላቂ የሚሰበሰብባት ከተማ በመሆኗ። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚለው በ12 ኪሎ ሜትር ባሕር ዳር ብቻ በዓመት ከ250 ሺህ ጊዜ በላይ ይጠለቅ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጠላቂዎችን በውኃ ውስጥ እየተከተሉ ቆጠሩ። አንድ ጠላቂ በ60 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ 1.7 ኮራል ሰበረ፤ ወደ 9 ጊዜ ያህል ደግሞ ከወለሉ ደለል አስነሥቶ በሪፉ ላይ በተነ። አማካዩ የሚሸፍነው ነገር አለ፤ በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት በጣም ሰፊ ነበር። አንዳንዱ ምንም ሳይሰብር ይወጣል፤ አንዳንዱ ግን የብዙ ሰው ድርሻ ሰብሮ ይወጣል።

ደለሉ ቀላል ነገር ይመስላል። በፒስታ መንገድ ዳር የበቀለ ተክል በበጋ ምን እንደሚመስል ግን እናውቃለን፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራ ይለብሳል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። ኮራልም ብርሃን የሚፈልግ አልጌ በውስጡ ስላለ ደለል ሲለብስ ይጎዳል። ራሱን የሚያጸዳው ልጋግ እያመነጨ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጽዳት ደግሞ ለማደግ ሊያውለው የሚችለውን ጉልበት ይከፍላል።

ስብራቱን ከባድ የሚያደርገው ጊዜ ነው። ቅርንጫፋም ኮራል ሲመቸው በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያድግ ይችላል። ድቡልቡሉ ኮራል ግን በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው የሚያድገው። የሰው ራስ የሚያክል አንድ ድቡልቡል ኮራል አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የፈጀ ሥራ ነው። የተሰበረበት ቦታም እንደ ማንኛውም ቁስል ለበሽታና ለወራሪ አልጌ በር ይከፍታል።

በሣር ሜዳ ላይ አንድ ሰው ቢያልፍ ዱካው በማግስቱ አይገኝም። በየቀኑ መቶ ሰው ሲያልፍ ግን የእግር መንገድ ይወጣል፤ ያም መንገድ ሣር አያበቅልም። በሪፍም እንዲሁ ነው። በ1990ዎቹ በግብፅ ሪፎች ላይ የሠሩት ተመራማሪዎች ጁሊ ሆኪንስና ካሉም ሮበርትስ አንድ የመጥለቂያ ሥፍራ በዓመት ከ5 ሺህ እስከ 6 ሺህ ጊዜ መጠለቅን ሊሸከም እንደሚችል ገምተው ነበር፤ ከዚያ ካለፈ ጉዳቱ በፍጥነት ይጨምራል። ይህ ቁጥር ለሁሉም ባሕር የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ጠላቂው ማን እንደሆነና ሪፉ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለውጠዋል። ከፍ ብለን ካየነው የኤላት ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ግን ችግሩን በግልጽ ያሳያል።

ሰው ለምን ይነካዋል?

በክፋት የሚነካ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚነካው ውኃ ውስጥ ራሱን መቆጣጠር ስላልቻለ ነው።

ጠላቂ በጀርባው የአየር ጋን፣ በወገቡ ወይም በኪሱ የእርሳስ ክብደት፣ በደረቱ አየር የሚሞላና የሚተነፍስ ጃኬት፣ በእግሩ ረጅም ክንፍ አለው። ሥራው ሁሉ አንድ ነገር ማግኘት ነው፤ ሳይሰምጥ ሳይንሳፈፍ በመካከል መቆም። ችግሩ ውኃው ዝም ብሎ አለመተዉ ነው። 10 ሜትር ሲወርድ በላዩ ላይ ያለው ግፊት እጥፍ ይሆናል፤ በጃኬቱ ውስጥ ያለው አየርም በግማሽ ይጨመቃል። የተጨመቀ አየር ስለማያነሣው የበለጠ ይሰምጣል። ደንግጦ አየር ይጨምራል። ሽቅብ ሲል ደግሞ ያው አየር ይነፋና ወደ ላይ ይመነጭቀዋል። ጀማሪ በዚህ መካከል እንደ ኳስ ይንጓለላል፤ መያዣ ሲፈልግም በአጠገቡ ያለው ኮራል ነው።

ልምድ ያለውን ጠላቂ በቅርብ ብታዩት ግን የሚንቀሳቀስ አይመስልም። በሪፉ ግድግዳ ፊት ለፊት አግድም ተዘርግቷል፤ እጆቹን በደረቱ ላይ አጣጥፏል፤ ጉልበቱ ታጥፎ ክንፎቹ ወደ ላይ ቀና ብለዋል። አየር ሲስብ ሳንባው ስለሚሰፋ ገላው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል፤ ሲተነፍስ መልሶ ዝቅ ይላል። በጃኬቱ ላይ ያለውን ቁልፍ እምብዛም አይነካም። ከፍታውን የሚቆጣጠረው በትንፋሹ ነው። ብርቱካናማ ትናንሽ ዓሦች ከፊቱ አይሸሹም፤ የሚያስፈራ ነገር አላደረገምና።

ይህ ችሎታ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በሁለትና በሦስት ቀን ኮርስ ሙሉ በሙሉ አይመጣም። ጀማሪዎችን ቶሎ ወደ ታች ለማውረድ ሲባል ከሚያስፈልገው በላይ እርሳስ ማስታጠቅም የተለመደ ስሕተት ነው፤ እግር ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ደረት ወደ ላይ ይቀናል፣ ረጅሙ ክንፍም ሪፉን እንደ መጥረጊያ እየጠረገ ያልፋል። የሰበረው ሰው ከኋላው የሆነውን አያይም። ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ ዓይኑና ሐሳቡ በምስሉ ላይ ስለሚሆን የበለጠ ይነካል።

አስቀድሞ የሚሰጥ ገለጻ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ተለክቷልም። በግብፅ፣ በሲና ልሳነ ምድር ጫፍ ላይ በሚገኘው ራስ ሙሐመድ ብሔራዊ ፓርክ የተደረገና በ1997 የታተመ ጥናት ጠላቂዎችን ከገለጻ በፊትና በኋላ አነጻጽሯል። ገለጻው ኮራል ምን እንደሆነ፣ ሕያው የሆነው የትኛው፣ ሙት ድንጋዩ የትኛው እንደሆነ በሥዕልና በውኃ ውስጥ ማሳየትን የሚያካትት ነበር። ከገለጻው በፊት አንድ ጠላቂ በ7 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ 1.4 ጊዜ ሪፉን ይነካ ነበር፤ ከገለጻው በኋላ ወደ 0.4 ወረደ። የነካውም ብዙውን ጊዜ ሙት ድንጋዩን ሆነ።

ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው አዲስ መሣሪያ ወይም ውድ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ጀልባ ላይ በጥንቃቄ የተነገረ ንግግር ነው። በዚሁ መንፈስ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ከሪፍ ወርልድ ፋውንዴሽን ጋር በ2004 የጀመረው ግሪን ፊንስ የሚባለው አሠራር የመጥለቂያ ድርጅቶችን የሚመዝነው በእነዚህ ነገሮች ነው፤ ገለጻ ይሰጣሉ ወይ፣ መልህቅ ይጥላሉ ወይ፣ ቆሻሻቸውን የት ያደርሳሉ።

መልህቅ፣ ቅባትና ዳቦ

አንድ መልህቅ ከነሰንሰለቱ ሪፍ ላይ ሲጎተት መቶ ጠላቂ የማያደርሰውን ጉዳት በደቂቃዎች ያደርሳል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ወለሉ ላይ ቋሚ ማሰሪያ ተተክሎ በላዩ ቦያ የሚባል ተንሳፋፊ ምልክት ይደረጋል፣ ጀልባው ገመዱን እዚያ ያስራል። በሁርጋዳ በ1992 የተቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ሥራውን የጀመረው እነዚህን ማሰሪያዎች በመትከል ነው።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ብዙ ያወያያል። ኦክሲቤንዞን የሚባለው ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ የኮራል እጮችን እንደሚጎዳ ታይቷል፤ የፓስፊክ ደሴቶች አገር ፓላው ከ2020፣ ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ ሽያጩን አግደዋል። በክፍት ባሕር ላይ ያለው መጠን ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን ሳይንቲስቶች ገና አልተስማሙም። እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ለቆዳም ለባሕርም ይበጃል፤ ክርክሩንም ያስቀራል።

ዓሣን ዳቦ ማብላት ደግሞ ደግነት ይመስላል እንጂ አይደለም። በሪፍ ላይ የሚበቅለውን አልጌ እየጋጠ ኮራሉን የሚያጸዳው ዓሣ ነው። ዳቦ የለመደ ዓሣ ግጦሹን ይተዋል።

ለምን ጨርሶ አይከለከልም?

በአንዳንድ ቦታ ይገደባል፤ የኤላት የኮራል ባሕር ዳር ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ቁጥሩ ተገድቦ ብቻ የሚገባባቸው ክፍሎች አሉ። በጠቅላላው ግን መከልከል ሌላ ጉዳት ያመጣል። ራስ ሙሐመድ በ1983 የግብፅ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሲታወጅ ሪፉ በገንዘብ የሚተመን ጥቅም ነበረው፤ የመግቢያ ክፍያ፣ የጀልባ ሠራተኛ፣ የሆቴል፣ የአስጎብኚ እንጀራ። ሕያው ሪፍ ገቢ በማያመጣበት ቦታ ባሕር ዳሩን በአፈር ሞልቶ ሆቴል መሥራት ወይም ባገኙት መንገድ ማጥመድ ቀላል ምርጫ ይሆናል።

ሰሜናዊው ቀይ ባሕር ለምን የተለየ ሆነ?

በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የባሕር ከፍታ ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ቀይ ባሕር ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር ያለው ግንኙነት ጠበበ፤ ውኃው ለአብዛኛው ኮራል የማይቻል ጨዋማ ሆነ። በረዶው ሲቀልጥና ባሕሩ ሲሞላ የኮራል እጮች በደቡባዊው መግቢያ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል እንደገና ገቡ። ደቡቡ በጣም ሞቃት ነው፤ የምጽዋ በጋ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። በዚያ በኩል ማለፍ የቻሉት ሙቀት የሚችሉት ብቻ ነበሩ። ባብ ኤል መንደብ ወንፊት ሆነ ማለት ነው። ያለፉት ልጆቻቸው በትውልድ ቅብብል ወደ ሰሜን ዘልቀው ኤላትና አቃባ ባሉበት፣ ቀዝቀዝ ባለው የአቃባ ሰላጤ ሰፈሩ፤ ሙቀት የመቻል ጠባያቸውን ግን ይዘው።

ይህን ማብራሪያ ያቀረቡት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በኤላት በተደረጉ ሙከራዎች የአካባቢው ኮራል ከበጋው ጣሪያ በብዙ ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ለሳምንታት ችሎ ታይቷል። ስለዚህ የአቃባ ሰላጤ በዚህ ክፍለ ዘመን ሪፍ ከሚተርፍባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

ሙቀትን መቻል ግን ሁሉን መቻል አይደለም። በመጋቢት 2020 የመታ ማዕበል የኤላትን ሪፍ ክፉኛ ሰባበረው። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ አልጌ እየጋጠ ለኮራል ቦታ የሚያስለቅቀው ረጅም እሾህ ያለው ጥቁር የባሕር ጃርት በበሽታ አለቀ፤ የታመመው በሁለት ቀን ውስጥ አጽሙ ብቻ ይቀር ነበር። በሰው እጅ የመጣውን ግን ሰው ሊያነሣው እንደሚችልም ታይቷል፤ በባሕሩ ላይ ተንሳፍፈው ውኃውን በፍግ ሲበክሉ የነበሩት የዓሣ ማርቢያ መረቦች በ2008 ተነሥተዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስም እዚሁ ላይ ነው። የዓለምን ሙቀት ማብረድ የመንግሥታትና የአሥርተ ዓመታት ሥራ ነው። ሙቀቱን ሊሻገር የሚችለው ኮራል የሚኖረው ግን ጠላቂ በሚጨናነቅበት በዚሁ ሰላጤ ነው፤ የጠላቂ እግር ደግሞ ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ሊታረም ይችላል።

ሪፉ ያማረ ከሆነ ደኅና ነው ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ብዙ ዓይነት ኮራል የሚራባው በዓመት ጥቂት ሌሊቶች፣ በጨረቃ ዑደትና በውኃው ሙቀት ተመርቶ፣ እንቁላልና ዘሩን በአንድ ሰዓት ወደ ውኃው በመልቀቅ ነው። የተለቀቀው የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ በዚያው ሌሊት ካልለቀቀ ፍሬ የለም። ተመራማሪዎቹ ቶም ሽሌሲንገርና ዮሲ ሎያ በኤላት ለዓመታት ሌሊት ሌሊት እየጠለቁ ተከታትለው በ2019 እንዳሳወቁት የአንዳንድ ዝርያዎች የመልቀቂያ ጊዜ ተዘበራርቋል። አዋቂዎቹ ቆመው ያማሩ ናቸው፤ በአካባቢያቸው ሕፃናት ኮራሎች ግን ጎድለዋል። በእንዲህ ዓይነት ሪፍ ላይ የተሰበረ አዋቂ ተተኪ የለውም።

ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ምን ይጠይቅ?

ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር፦ አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ይዞ ይወርዳል? ጀልባው ከቦያ ይታሰራል ወይስ መልህቅ ይጥላል? ጀማሪ ከሆንሁ መጀመሪያ አሸዋማ ወለል ላይ እለማመዳለሁ ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ «አያስፈልግም» ብሎ የሚመልስ ድርጅት ስለ ሪፉም ስለ ደንበኛውም ደኅንነት ብዙ አላሰበም። ከወለል የተለቀመ ሙት ኮራልም ቢሆን ወደ ቤት አይወሰድም፤ የድንጋያማ ኮራል ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተገደበ ስለሆነ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊያስይዝ ይችላል።

በጅዳና በኤላት የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ስኩባ ባይሞክሩም በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ይዋኛሉ። ያን ጊዜም ጥፋት ሊደርስ ይችላል፤ ውኃው ደረት ድረስ ሲሆን፣ የደከመ ሰው ለማረፍ ሲቆም፣ ከእግሩ ሥር ያለው «ድንጋይ» ኮራል ሲሆን። ቀይ ባሕር ከሌሎች ባሕሮች ይልቅ ጨዋማ ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 40 ግራም ያህል ጨው አለ። የደከመው ሰው በጀርባው ቢንጋለል ውኃው ይሸከመዋል።